መኪናችሁን ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት የኋላ ፍሬኑን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። አንድ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ናት፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ፣ የምትሄደው ዓይነት። ከመንዝ ገብስና ባቄላ ጭኜ ሸዋ ሮቢት አወርዳለሁ፣ ስመለስ ሽንኩርትና ማሾ አመጣለሁ። ሰሞኑን መኪና ከፍ ማስደረግ የሚፈልጉ ልጆች "በትንሽ ብር የቱን ከፍ ማድረጊያ ኪት ላስገጥም?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንድ ለአንዱ ከምነግር ለሁሉም ይድረስ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ካቻምና ክረምት ከእነዋሪ ወጣ ብዬ ዋልካ ያዘኝ። የጅሩን ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለልና መኪናዋ በሆዷ ትተኛለች። በበሬ ነው ጎትተው ያወጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። በንዴት በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ "ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፣ በአንድ ቀን ከፍ እናደርግልዎታለን" አለኝ። ዋጋውም ቀላል ነበር። ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን በሚያገናኘው ብረት) መሃል ድፍን ብረት አስገባ፣ ከፊት የባሌስትራውን ማንጠልጠያ በረጅም ቀየረ፣ በቃ። ቁመናዋ አማረ፣ አልዋሽም።

በሳምንቱ 8 ኩንታል ጭኜ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፍሬኑ ሌላ ሆነብኝ። ስረግጠው አፍንጫዋ ይደፋል፣ ከኋላ ግን የሚይዝ ነገር የለም። የፊቱ ሸተተ። በከባድ ማርሽ እየያዝኩ፣ ዳር እየቆምኩ እያቀዘቀዝኩ፣ ልቤ አፌ ውስጥ ሆኖ ደብረ ሲና ገባሁ። እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከሥር ገብተው አዩና "ልጄ፣ መኪናህ እኮ ጭነት የያዘች አልመሰላትም" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ሻንሲው ይርቃል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ትቀንሳለች። እኔ በድፍን ብረት ሻንሲውን ከአክስሉ አራቅኩት። ስለዚህ 8 ኩንታል እላይዋ ላይ ተቀምጦ ቫልቯ መኪናዋን ባዶ ብላ ቆጠረቻት። መፍትሔው ዘንጓ አክስሉ ላይ የምትታሰርበትን ቦታ በተነሳው ልክ ከፍ ማድረግ ነበር፣ ከባድ ሥራ አይደለም። ከፍ ያደረገልኝ ልጅ ግን ስለ ቫልቯ ቃል አልተነፈሰም። የፍሬን ጎማ ቱቦውም ቢሆን ልክ እንደ ክር ተወጥሮ ነበር፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወረድ ቢል ይበጠስ ነበር።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ ልጆች የምለው ይሄ ነው፦ ኪቱ ስንት ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ከኪቱ በኋላ ምን ምን ይነካል ብላችሁ ጠይቁ። የፍሬን ቱቦ፣ ያቺ ቫልቭ፣ የትራንስሚሽኑ ክሮቸራ (ወደ አክስል የሚሄደው ዘንግ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ)፣ የመሪው አቅጣጫ። ክሮቸራው አክስሉ ሲርቅ ማዕዘኑ ይበላሻል፣ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ቶሎ ይበላል። እነዚህ ሲደመሩ ርካሹ ኪት ርካሽ አይሆንም። በመጠኑ ከፍ ያለ፣ 4 ወይም 5 ሴንቲ የሚያነሳ፣ ብዙ ነገር የማያናጋ ኪት ነው ለድሃ የሚበጀው። ከዚያ በላይ ስትሄዱ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ወጪው አያልቅም።

ደግሞ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። እኔም ተሳስቼበታለሁ። እንደኔ ዓይነት ድፍን አክስል ያላት መኪና ላይ ባሌስትራ ከፍ ማድረግ ዲፍረንሻሉን፣ አክስሉ መሃል ያለውን ጥርሶች የያዘ ድብልብል፣ አያነሳውም! ሻንሲው ይነሳል፣ ቦዲው ይነሳል፣ ዲፍረንሻሉ እዚያው ነው። ዋልካው ውስጥ የተተከለው ደግሞ እሱ ነው። ዲፍረንሻልን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ፤ የጎማው ቁመት በ6 ሴንቲ ቢጨምር ዲፍረንሻሉ የሚያገኘው 3 ሴንቲ ነው። ጎማም ቢሆን ዕዳ አለው። የኔዋ 2.8 ሊትር ናፍጣ ናት፣ ቱርቦ የላትም። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በዚያ ላይ ግዙፍ ጎማ ካለበሳችኋት ወደ ጣርማ በር ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ትለምናላችሁ። ለዋልካማ የጎማ ሰንሰለትና ትዕግስት ይሻላል፣ ካልሆነም ሁለት ቀን ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ነው።

ብር ትንሽ ከሆነ እኔ የማስቀድመው ሾክ አብዞርበር ነው። ሰው ሾክን ይንቃል። ሥራው የባሌስትራውን መወዛወዝ ወደ ሙቀት ቀይሮ ማብረድ ነው፣ ስለዚህ ከመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስደው ሞገድ በሞገድ ጠጠር ላይ ሰዓታት ስትሄዱ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋ ያወጣል፣ መያዝ ያቆማል። ያኔ መኪናው በራሱ መዝለል ይጀምራል። ናይትሮጅን ጋዝ ያለው ሾክ አረፋውን ስለሚቀንስ ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ይመረጣል። ማርኩ ካያባም ሆነ ሌላ፣ ለናንተ ሞዴልና ለምታነሱት ቁመት ልክ የሆነውን ግዙ። መኪና ከፍ ተደርጎ ሾኩ የድሮው አጭሩ ከቀረ ጎማው ወደ ታች መውረድ ሲፈልግ ሾኩ ያንጠለጥለዋል፣ ከዚያ ይሰበራል። ከሾክ ቀጥሎ የባሌስትራውን ቡሾች፣ ማለትም መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች፣ ቀይሩ። ብዙ "ዝቅ ብላለች" የምትባል መኪና ያረጀ ቡሽና የተኛ ባሌስትራ ነው ያላት፣ ወደ ፋብሪካ ቁመቷ ብትመለስ ብቻ ይበቃታል።

ባሌስትራ ማስመታትንም በተመለከተ። አንጥረኛ ቅጠሉን በመዶሻ ሲያጎብጠው ያምራል፣ ይነሳል። ነገር ግን ብረቱ በሙቀት ተገቢው ማጠንከሪያ ካልተደረገለት በጥቂት ወራት ተመልሶ ይተኛል። ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት ከማስመታት ይሻላል፣ ሁልጊዜ ለሚጭን ሰው ማለቴ ነው። ባዶ ለሚሄድ ግን ወገብ ይሰብራል። ለዚህ ነው ኦልድ ማን ኢሙን፣ አይረን ማንን፣ ዶቢንሰንስን የመሳሰሉ የአውስትራሊያ ኪቶች ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጭነት ተብለው የሚለዩት። በየቀኑ ስንት ኪሎ እንደምትጭኑ በሐቅ ተናገሩ። አንድ የማውቀው ሰው ቤተሰቡን ለሚያንሸራሽርበት መኪና ከባዱን አስገጥሞ ልጆቹ ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ መግባት ጠልተዋል።

ቪጎና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሃይሉክሶች ከፊት ባሌስትራ የላቸውም፣ ሞላ ናቸው። እዚያ ከሞላው በላይ ቀለበት ማስገባት ርካሽ መንገድ ነው። ልብ በሉ፣ ቀለበቱ 2.5 ሴንቲ ቢሆን ጎማው ጋ ወደ 5 ይሆናል። በትልቁ ካስገባችሁ ጎማ የሚያዞረው የሲቪ ጆይንት ላስቲክ ይቀደዳል። ከፊት በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል ድፍን ብረት ማስገባት ደግሞ በማንኛውም መኪና ላይ በፍጹም አይደረግ፣ ፍሬን ሲያዝ አክስሉን ይጠመዝዘዋል።

መብራቱንም አትርሱ። መኪናው ሲነሳ መብራቱ አብሮ ይነሳል። የጣርማ በርን ጉም የሚያውቅ፣ ከፍ ያለ መብራት ጉሙ ውስጥ ነጭ ግድግዳ እንደሚያቆም፣ ከወዲያ የሚመጣውንም ሾፌር ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ስንት ጊዜ ቆሜ አሳልፌያለሁ።

አዘጋጁን የምለምነው፣ ይህን ደብዳቤ ካተማችሁት አንድ የመኪና መሐንዲስ ስለዚያች የኋላ ፍሬን ቫልቭ በሥዕል ቢያስረዳልን። ለዓመታዊ ምርመራ መኪና የሚያዩ ባለሙያዎችም ከፍ የተደረገ መኪና ሲመጣላቸው ዘንጓን ጎንበስ ብለው ቢያዩልን። እኔ ድፍኑን ብረት አስወጥቼ አዲስ ሾክና አንድ ተጨማሪ ቅጠል አስገብቻለሁ፣ አሁን ሸዋ ሮቢት ድረስ በሰላም እወርዳለሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ባሌስትራን በትክክል አሙቆ የሚያጠነክር አንጥረኛ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍልን።

የአንድ ሃይሉክስ ባለቤት
ከደብረ ብርሃን