መስኮት ዘግቶ ዕጣን ማጨስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት ውስጥ ጭስ በተወራ ቁጥር የሚወቀሱት ምድጃና ሲጋራ ናቸው። ዕጣን አይነሳም፤ ቢነሳም «የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ምን ያደርጋል» ተብሎ ይታለፋል። ተፈጥሮነቱ ዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ፍም ላይ ከወደቀ በኋላ ለሳንባ እንደማንኛውም ጭስ ጭስ ነው። የጤና ዓምዳችሁ ይህን ጉዳይ አንድ ቀን በደንብ እንዲያየው በማሰብ የሚከተለውን ጽፌያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የቤተ ሙከራ ልኬት፣ 1 ግራም ዕጣን ሲነድ ከ45 ሚሊግራም በላይ ብናኝ እንደሚያወጣ አሳይቷል። የሲጋራው በግራም 10 ሚሊግራም ያህል ነበር። እስቲ ይህን ቁጥር ወደ ቤት እናስገባው። ወርዱም ርዝመቱም 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እዚያ ውስጥ 1 ግራም ሲነድ 45 ሚሊግራሙ ይበተንና በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1,125 ማይክሮግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ መጠኑ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አብዛኛው የዕጣን ብናኝ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል።

ጉዳቱን የሚወስነው ግን የዕጣኑ መጠን ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ስንት ሰዓት ቤት ውስጥ ይቆያል የሚለውም ነው። በርና መስኮቱ ጥርቅም ባለ ክፍል አየሩ የሚለወጠው በ2 ሰዓት አንዴ ያህል ነው እንበል። 95 በመቶው ብናኝ እስኪወጣ 6 ሰዓት ይፈጃል። ትይዩ ያሉ በርና መስኮት ተከፍተው ነፋስ ሲያቋርጥና አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ ሲለወጥ ግን ያው 95 በመቶ በ30 ደቂቃ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ለሚውልና ለሚያድር ሰው የ24 ሰዓቱ አማካይ በተዘጋው ክፍል 94፣ በተከፈተው 8 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። ዕጣኑ ግን ያው 1 ግራም ነው።

ብዙ ሰው ታዲያ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ «ሽታው እንዳይወጣ» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ሽታው እንዲቆይ የዘጋ ብናኙንም አብሮ አቆይቷል። አጭሶ ሲጨርስ የሚከፍትም አለ፤ ጭሱ እጅግ የከበደባቸውን ደቂቃዎች ግን ተንፍሶታል። መከፈት ያለበት ዕጣኑ ከመጨመሩ በፊት ነው፤ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክፍት ይቆይ። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ብዙ አይረዳም፤ አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል። ክፍል መሀል የሚዞር ቬንትሌተር ያንኑ ጭስ ያሽከረክራል እንጂ አያስወጣም።

ሁለተኛው ጥፋት ሙቀት ማብዛት ነው። ሙጫ ዕጣን መዓዛ የሚሰጠው በውስጡ ካለው ተናኝ ዘይት ሲሆን፣ ይህ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 10 በመቶ አይሞላም። ለመትነን መጠነኛ ሙቀት ይበቃዋል። ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ቀይ ፍም ላይ በቀጥታ ሲጣል ግን ዘይቱ ባንዴ ይበንና ሙጫው መቃጠል ይጀምራል። ዓይን የሚያስለቅሰውና ጉሮሮ የሚከረክረው ጭስ የሚመጣው ከዚህ ቃጠሎ ነው። ስለዚህ ፍሙን 1 ሴንቲሜትር ያህል አመድ ማልበስ ወይም ስስ ብረት ጣል አድርጎ ዕጣኑን በዚያ ላይ ማኖር ይሻላል፤ የሚጨመረውም ጥቂት ፍንካች ይሁን። አፍንጫ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሽታው ከመዓዛ ወደ እርር ሲለወጥ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። የጠቆረውን ትርፍ ያን ጊዜ በጉጠት አንስቶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። በእንጨት ላይ የተለጠፈ ዕጣን የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከሽቶው ጋር ሰጋቱራውን፣ ማጣበቂያውንና የቀርከሃ ዘንጉን ጭምር እያነደደ መሆኑን ይወቅ።

ከሰሉ የራሱ ጣጣ አለው። አመድ ለብሶ ጭስ ያቆመ ፍም ንጹሕ ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያመነጨው ግን ያኔም ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ክብደቱ ከአየር ብዙ ስለማይለይ ወለል ላይ መተኛትም ሆነ ከፍ ማለት አያስጥልም። አፍና አፍንጫ ላይ የሚደረግ ጭምብልም አያቆመውም፤ ብናኝ የሚያጣራ ማሽንም እንዲሁ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ መጀመሪያ ሰዉን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 በመቶ ቢያሳይ ማንም አይዘናጋ፤ መሣሪያው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ ተመርዞ ላለ ሰውም ደህና ቁጥር ይሰጣል።

የረጅም ጊዜውን ጉዳት በተመለከተ፣ ሲንጋፖር ውስጥ ከ61,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ። ለብዙ ዘመን ዕጣን ያጨሱ ሰዎች ስኩዌመስ በሚባለው የመተንፈሻ አካል ካንሰር ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በጠቅላላ የሳንባ ካንሰር ላይ ግን ጥናቱ ተጽዕኖ አላየም፤ ይህም መነገር አለበት፤ ማጋነን ተአማኒነት ያሳጣል።

አስም ያለበት ሰው ግን ዓመታት አይጠብቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጭሱ የአየር ቧንቧውን ሲቆጣው ቧንቧው ይጠባል፣ ሳል ይነሳል፣ ደረት ሲር ሲር ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ባለበት ቤት መስኮት መክፈትም አይበቃም፤ ማጨሱን መተው ወይም ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ሕፃን ባለበትም እንደዚያው ነው። አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ ጨቅላ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከሰውነቱ ክብደት አንጻር የሚስበው ጭስ ብዙ ነው። ነፍሰ ጡርም ከከሰሉ ትራቅ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል።

በመጨረሻም፣ ማጨሻውን አመድ አልብሶ አልጋ አጠገብ ትቶ መተኛት በፍጹም አይገባም። ከአመዱ ሥር ፍሙ ለሰዓታት ሳይጠፋ ይቆያል። ወደ ውጭ አውጥቶ ውኃ እያርከፈከፉ፣ «ችስ» የሚለው ድምፅ እስኪጠፋ በእንጨት እያገላበጡ ማጥፋት ነው። መጋረጃና ወለል ላይ የተቀመጠውን ብናኝ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ መልሶ ማስነሳት አያስፈልግም።

የዘወትር አንባቢያችሁ