ጉዳዩ፦ ሞላ የሌለው የፍሪሲዮን ሸራ ስለተላከልኝና ቃል ስለታጠፈብኝ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል እና ለቴክኒክ ክፍል ኃላፊ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። የትእዛዝ ቁጥሬ፣ ደረሰኜና ሦስቱ የቀድሞ ደብዳቤዎቼ በእጃችሁ ስላሉ ነገሩን ከሥሩ አልጀምርም፤ ለኒሳን 350ዜድ መኪናዬ ከእናንተ የገዛሁት ክብደቱ ቀላል የሆነ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚሽከረከረው ክብ ብረት)፣ ሸራ የለበሰውን የፍሪሲዮን ዲስክና ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌት ነው። ዛሬ የምጽፈው ትናንት በስልክ ስለተነገረኝ አንድ ቃል ነው፤ «ልመደው» ስለሚለው።

ከመክፈሌ በፊት ለቴክኒክ ባለሙያችሁ ደውዬ የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። የኒሳን 350ዜድ የፋብሪካ ቮላኖ ዱዋል ማስ የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያሉት ሞላዎች የሞተሩን ንዝረት ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ ይውጡታል። እናንተ የምትሸጡት ግን ክሮሞሊ ከሚባል ጠንካራ ብረት የተሠራ አንድ ወጥ ቮላኖ ነው። ስለዚህ «ሞላው ከቮላኖው ከወጣ ሸራው ላይ መምጣት አለበት፤ የምትልኩልኝ ዲስክ እምብርቱ ላይ ሞላ አለው?» ብዬ ጠየቅሁ። የሰጡኝን መልስ እየሰማሁ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፦ «እርስዎ ምንም አይጨነቁ። ለአንድ ወጥ ቮላኖ ሞላ የሌለው ሸራ አንልክም። ይህን የማያውቅ ሰው እኛ ጋ አይሠራም።» የከፈልኩት ይህን ቃል ይዤ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት መካኒኬ ዲስኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። ሞላ ያለው ዲስክ እምብርቱ ዙሪያ መስኮቶች አሉት፤ ሞላዎቹ በነዚያ መስኮቶች ውስጥ ተጋድመው ይታያሉ። ይህኛው መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ከመሃሉ እስከ ሸራው ድረስ ድፍን ቆርቆሮ ነው። «ይሄ ለባለ ሁለት ክፍሉ ቮላኖ የተሠራ ነው» አለኝ። ከመገጠሙ በፊት እዚያው ቆሜ ደወልኩ፤ ፎቶውንም ላክሁ። ባለሙያችሁ ፎቶውን አይተው «አዲሱ ዓይነት ነው፤ ሞላው በሽፋን ተከድኗል፤ ይግጠሙት» አሉኝ። አመንኳቸውና ተገጠመ።

የሆነውን በሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ያነበበው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ካምቢዮው ጠጠር የገባበት ጣሳ ይመስል ይንኳኳል። ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ እግሬን ሳነሳ ይመለሳል። በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር በታች ነዳጅ ስሰጠው መሪው ድረስ የሚሰማ መንቀጥቀጥ አለው። አንድ ወጥ ቮላኖ ሞላ ካለው ሸራ ጋር እንኳ ቢገጠም ጥቂት ድምፅ እንደማያጣ አውቃለሁ፤ ያንን ተቀብዬ ነው የገዛሁት። ይህ ግን ጥቂት ድምፅ አይደለም። የማርሾቹ ጥርሶች እርስ በርስ እየተጋጩ ነው፤ ንዝረቱን የሚውጥ አንድም ነገር በመሃል የለም።

ትናንት በአምስተኛው ጥሪዬ እኚሁ ባለሙያ አነሱት። ሲሸጡልኝ ጊዜ «እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት ሰው እንዲህ አሉኝ፦ «ቀላል ቮላኖ የመረጥከው አንተ ነህ። የስፖርት መኪና ይጮሃል። ልመደው።» ስለ ዲስኩ ነው የምጠይቅዎት ስላቸው «ነገርኩህ እኮ» ብለው ዘጉት። «እርስዎ» ሲባል ከርሞ ቅሬታ ባቀረበ ማግሥት «አንተ» መባል ምን ማለት እንደሆነ አማርኛ ለሚናገር ሰው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። እኔ እስከ መጨረሻው ድረስ ከአክብሮት አልወጣሁም፤ በዚህ ደብዳቤም አልወጣም።

ደግሞም ቀላል ቮላኖ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ሳላውቅ አልመረጥኩም። የፈረስ ጉልበት እንደማይጨምር፣ ሞተሩ ቶሎ ዙር እንዲያነሳና ቶሎ እንዲያወርድ ብቻ እንደሚያደርግ፣ ከቆመበት ሲነሳም ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አሉሚኒየሙን ትቼ ብረቱን የወሰድኩት፣ ባለሙያችሁ «ስቴጅ 3» እያሉ የገፋፉኝን ባለ ስድስት ጥርስ ሴራሚክ ዲስክም እምቢ ብዬ ኦርጋኒክ ሸራ የጠየቅሁት በየቀኑ በትራፊክ መሃል ስለምነዳው ነው። ሴራሚክ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ መሃል የለውም። «ስቴጅ» የሚሉትም ቢሆን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ የሚቆጥረው እንጂ ሁሉም የተስማማበት መለኪያ አይደለም።

በትዕግሥት ያለፍኳቸውን ነገሮችም አሁን አነሳለሁ። የቮላኖው ቡሎኖች ከዕቃው ጋር አልመጡም። ስጠይቅ «አሮጌዎቹን መልሳችሁ እሰሩ» ተባልኩ። ቡሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ ሞተሩን የሚያህል ነገር የሚሸከመውን አሮጌ ቡሎን መልሶ ማሰር የሚመከር አይደለም። አዲሶቹን ራሴ ገዛሁ። የመግጠሚያ መመሪያው ደግሞ የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ። በ2007 ሞዴል የመጣው ሞተር ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ የሚያስለቅቀው ሲሊንደር ካምቢዮው ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ጋር ነው፤ የእኔ የ2005 ስለሆነ ሲሊንደሩ በውጭ ነው ያለው። መካኒኬ ከወረቀቱ ግማሹን ሊጠቀምበት አልቻለም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቮላኖው የኤስኤፍአይ 1.1 ማረጋገጫ (ለእሽቅድምድም መኪና ቮላኖና ፍሪሲዮን የወጣ የደህንነት መለኪያ) አለው ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፣ ዕቃው ላይ ግን ምልክቱ የለም። ይህ ብረት በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር ከእግሬ ብዙም አይርቅም። ምልክቱ የት እንዳለ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «እናጣራለን» ተብያለሁ።

ከትናንቱ ጥሪ በኋላ በራሴ ወጪ ካምቢዮውን ዳግም አስወረድኩ። ዲስኩ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽፋን የተባለው ነገር ሽፋን አይደለም፤ የዲስኩ አካል ነው፣ ከእምብርቱ ጋር በሪቬት ተያይዟል፣ ከሥሩም ሞላ የለም። ከፊትም ከኋላም ከጎንም ያነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የጠየቅሁት ዲስኩ እንዲቀየር ብቻ ነበር። ያኔ ብትቀይሩት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አሁን ግን ሞላ ያለው ትክክለኛው ዲስክ ይላክልኝ፤ ካምቢዮው ዳግም የወረደበትና እንደገና የሚገጠምበት የጋራዥ ወጪ ይመለስልኝ፤ የቡሎኖቹም ዋጋ እንዲሁ። የቮላኖውን ማረጋገጫ በጽሑፍ አሳዩኝ። ማሳየት ካልቻላችሁ ቮላኖውንም፣ ፕሬዠር ፕሌቱንም፣ ዲስኩንም መልሳችሁ ተቀብላችሁ የማጓጓዣውን ጨምሮ ሙሉ ክፍያዬን መልሱልኝ፤ ማረጋገጫ የሌለው ብረት መኪናዬ ውስጥ አላስገጥምም። ባለሙያችሁም ይቅርታ ይጠይቁኝ።

መልሳችሁን በ10 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። «ኢንጂነራችን ነገ ይደውልልዎታል» የሚለውን መልስ ሦስት ጊዜ ተቀብዬ ሦስቱንም ቀን ስልኬን ይዤ ውያለሁ፤ ማንም አልደወለም። ስለዚህ በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም፤ የሚጽፈው ኃላፊ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ በጽሑፍ ይላክልኝ። መኪናው እስከዚያው ካምቢዮው ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ