ኑክሌሩ ይምጣ፣ ቆሻሻው የት እንደሚገባ ግን ቀድሞ ይነገረን

ለአዘጋጁ፦

ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር ስለተስማማችበት የኑክሌር ማመንጫ ነው የምጽፈው። እኔ እደግፈዋለሁ፣ ምክንያቱም መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፣ ዝናብ ሲጠፋ ግድቡ ይጎድላል ፈረቃም ይመጣል፣ ሪአክተር (የኑክሌሩን ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ግን ክረምት በጋ ሳይል ቀን ከሌት ይሰራል ጭስም የለውም። የሚያሳስበኝ ቆሻሻው፣ ማለትም ሪአክተሩ ተጠቅሞበት የሚያወጣው ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ ነው፣ ጨረሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሚቆይ ነገር እኮ ነው! ፊንላንድ እንኳን ሪአክተሮቿን በ1970ዎቹ መጨረሻ አስነስታ ኦንካሎ የሚባለውን ከ400 ሜትር በላይ የሚጠልቅ መቅበሪያ መቆፈር የጀመረችው በ2004 ነው (እ.ኤ.አ.)። ስለዚህ መንግስት ቦታ ከመምረጡ በፊት ነዳጁን ሩሲያ መልሳ ትወስዳለች ወይስ እዚሁ ይቀበራል የሚለውን ውሉ ላይ አስፍሮ ለፓርላማ ያቅርብልን፣ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አይተናልና የርዕደ መሬት ጥናቱም አብሮ ይውጣ።