ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፦ በቋሚ መደብ ላይ በኮንትራት ስለምንሠራ የአይሲቲ (የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ባለሙያዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ ኃላፊዎች፣

በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የኔትወርክና የሰርቨር አስተዳደር ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሞላኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ያለው «በጊዜያዊነት» የሚለው ቃል በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልተለወጠም። ውሌ በየዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ሐምሌ ውስጥ በአንዱ ቀን ደግሞ ይታደሳል። ይህን የምጽፍላችሁ የመሥሪያ ቤቴን አለቆች ለመክሰስ አይደለም። ያለሁበት ሁኔታ የእኔ ብቻ ስላልሆነ፣ መፍትሔውም ከአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል አቅም በላይ ስለሆነ ነው።

ሰኔ 30 ለእኛ ሥራ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ቀን በመሆኑ የፋይናንስ ባልደረቦቻችን ክፍያ ሲያጠናቅቁና ሒሳብ ሲያስታርቁ ያመሻሉ፤ ሲስተሙ እንዳይቋረጥ ሰርቨር ክፍሉን የሚጠብቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቢነሳም የክፍሉ ማቀዝቀዣ አልነሳ አለ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ይጮኻል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በሩን ከፍቼ፣ ከቢሮ ሁለት ቬንትሌተር አምጥቼ ከሰርቨሮቹ ፊት አቆምኩና ለዚያ ሌሊት የማያስፈልጉትን ማሽኖች አንድ በአንድ እያጠፋሁ የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልፍ ቆየሁ። ቤቴ የገባሁት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ያሉት ጥበቃ አባት የመታወቂያ ካርዴን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ትናንት አልቋል፤ ምን ላድርግሽ?» አሉኝ። የታዘዙትን ነው የሠሩት፤ ቅር አልተሰኘሁባቸውም። በእንግዶች መዝገብ ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ «ለሥራ» ብዬ ሞላሁ። ውሉ እስኪታደስ ድረስ አሥራ ስምንት ቀን በእንግዳነት እየተመዘገብኩ ገብቼ ሠራሁ፤ ውሉ የሚጸናው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው በሚል የእነዚያ ቀናት ደመወዝ አልተከፈለኝም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨሮች ዋና የይለፍ ቃል የነበረው በእኔ እጅ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ምንም ውል የሌለው ሰው የመንግሥትን መረጃ ቁልፍ ይዞ ነበር ማለት ነው። ይህ ከእኔ ደመወዝ ይልቅ ሊያሳስባችሁ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚለው የዘላቂነት ባሕርይ በሌለው ሥራ ላይ፣ ወይም ሁኔታዎች ሲያስገድዱ በቋሚ የሥራ መደብ ላይ በጊዜያዊነት የሚቀጠርን ሰው ነበር። የእኔ መደብ በመዋቅሩ ላይ ያለ ቋሚ መደብ ነው። ታዲያ «ሁኔታዎች ሲያስገድዱ» የሚለው ሐረግ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚዘረጋ ከሆነ ያስገደደው ሁኔታ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አካል ሊኖር ይገባል። ይኸው አዋጅ ለቋሚነት የተቀጠረን ሰው ፈትኖ ለማወቅ ስድስት ወር በቂ ነው ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ አሥራ ሁለት እጥፍ የሚሆን ጊዜ ተፈትኛለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የሥራ ውል በመርሕ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግበትንም ሁኔታ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ይህ ግምት በግል ድርጅት ያለውን ሠራተኛ ይጠብቀዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሠራተኛን ግን አይደርስለትም።

ሥራው ጊዜያዊ ነበር የሚባልበት ዘመን ምናልባት ነበረ። ኮምፒዩተር ተገዝቶ፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ ባለሙያው ተሰናብቶ ይሄድ ነበር። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ግን የመሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ወደ ኦንላይን እየገባ ነው፤ ሲስተሙ ሲቆም ባለጉዳዩ መስኮት ላይ ይቆማል።

ቋሚ አለመሆን ከቢሮ ውጭ ያለውን ኑሮም ይነካል። ታናሽ እህቴ ገንዘብ ያዥ ሆና ስትቀጠር ዋስ አምጪ ተባለች፤ ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን ነበረበት። እኔ ልዋሳት ብዬ ደብዳቤ ስጠይቅ የመሥሪያ ቤቴ የሰው ሀብት ባለሙያ አዝና «ደብዳቤውን ልጽፍልሽ አልችልም» አለችኝ፤ እህቴ የጎረቤት ሰው ለምና ዋስ አገኘች። ለቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታው ይጠራቀማል፤ ለእኔ ስድስት ዓመት ምንም አልተጠራቀመም።

በኮንትራት ያሉ አንዳንድ የአይሲቲ ባለሙያዎች ከደመወዝ ስኬሉ በላይ እንደሚከፈላቸው አውቃለሁ፤ ክፍያው ከፕሮጀክት በጀት ሲሆን በተለይ። ቋሚ መሆን የሚፈልግ ሰው በስኬሉ ለመሥራት መስማማት እንዳለበት አምናለሁ፤ እኔም እስማማለሁ። ያለ ውድድር ቋሚ አድርጉኝም አልልም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በማስታወቂያ የመወዳደር መብቱ በእኔ ምክንያት መዘጋት የለበትም። ቅር የሚያሰኘኝ መደቡ ለውድድር ጭራሽ አለመውጣቱ ነው፤ በኮንትራት ስለተሸፈነ ክፍት መሆኑ ይረሳል።

ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የወጣውን አዲሱን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለማስፈጸም በምታወጧቸው መመሪያዎች ይህ ጉዳይ ስፍራ እንዲያገኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቋሚ መደብ ላይ የተቀጠረ የኮንትራት ሠራተኛ ውል ለሁለተኛ ጊዜ ከመታደሱ በፊት መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ለኮሚሽኑ በጽሑፍ እንዲያስረዳ፣ በቂ ምክንያት ከሌለውም በጀት አስፈቅዶ መደቡን በማስታወቂያ እንዲያወጣ ይደንገግ። በውድድሩም በዚያው መደብ ላይ በኮንትራት የተሠራው ዘመን እንደ ሙሉ የሥራ ልምድ ይያዝ። እስከዚያው ድረስ ውል የሚታደስለት ሰው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በደብዳቤ ይነገረው፤ የማይታደስለት ከሆነም የያዘውን የይለፍ ቃልና ሰነድ በሥርዓት የሚያስረክብበት ጊዜ ይሰጠው። ሳይፈረም የተሠራባቸው ቀናት ደመወዝም ይከፈል።

የአሁኑ ውሌም የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። ምላሻችሁ ከዚያ ቀን በፊት ቢደርሰን ለእኔም፣ እንደ እኔ ካርዳቸው በዚያው ቀን ለሚያልፍ ባልደረቦቼም ትልቅ እፎይታ ይሆናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የኮንትራት የአይሲቲ ባለሙያ
አዲስ አበባ