ለልጆችሽ የመረጥኳቸው መጻሕፍት

ውድ ምሕረት፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ከተጻጻፍን ስንት ዘመናችን! ትልቁ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ ትንሿም ያየችውን ሁሉ «ይሄ ምንድነው?» እያለች እንደምታፋጥጥሽ ሰማሁ። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ወሬ ነው። ለሁለቱም ሥዕላዊ መጻሕፍት መርጬላቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፤ እነሱን እንተዋቸው። እኔ የምልሽ ብዙም የማይወራላቸውን፣ ታሪኩን በሥዕሉና በወረቀቱ የሚነግሩትን ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በየትኛውም ቋንቋ ቢታተም አንቺ በአማርኛ ታወሪላቸዋለሽ። ትንሽ ሲቆዩ ደግሞ እነሱ ላንቺ ያነቡልሻል።

ለትንሿ ጃፓናዊው ሚትሱማሳ አኖ የሠራውን የመቁጠሪያ መጽሐፍ ፈልጊላት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ነው። ሌላው የቁጥር መጽሐፍ ከአንድ ሲጀምር ይሄ ከዜሮ ይጀምራል። መጀመሪያ ስትገልጪው በረዶ የለበሰ ሜዳና ወንዝ ብቻ ነው የምታዪው። ሰው የለ፣ ቤት የለ። ቀጥሎ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍ ብቅ ይላል። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያለ መንደሩ ይሞላል። በረዶው ይቀልጣል፣ ሣሩ ይለመልማል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ መሬቱ መልሶ በረዶ ይለብሳል። ለካ አብሮ ሲቆጠር የነበረው ወር ነው! መጽሐፉ ይህን አንድም ቦታ በቃል አይናገርም። አንቺም እንዳትነግሪያት አደራ፣ ራሷ ትድረስበት። አንድ ገጽ ላይ ተተክላ ዛፍ ስትቆጥር ብትውልም ተያት።

ጣሊያናዊው ብሩኖ ሙናሪ ለልጁ የሚሆን መጽሐፍ ቢያጣ ራሱ መሥራት የጀመረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው «በጨለማው ሌሊት» በጥቁር ወረቀት ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል ቢጫ ብርሃን ይታያል። ጣቱን ሳይከትባት የሚያልፍ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሲነጋ ወረቀቱ ስስ ይሆናል፤ ከአንዱ ገጽ ሥር የሌላው ሣርና ነፍሳት ይታያሉ። ዋሻው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ግራጫ ወረቀት ይጠብቃችኋል። ይህን በስልክ እንዳታሳዪያቸው። በእጅ ካልተነካ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

የመንካት ነገር ከተነሳ፣ ከሁሉ የምወደው የቬንዙዌላዎቹ የሜኔና ኮቲንና የሮሳና ፋሪያ «ጥቁሩ የቀለማት መጽሐፍ» ነው። ገጾቹ በሙሉ ጥቁር ናቸው። ሥዕሎቹም ጥቁር ላይ ጥቁር ስለሆኑ በዓይን ብዙም አይለዩም፤ ከፍ ከፍ ብለው ስለታተሙ ግን በጣት ይዳሰሳሉ። ጽሑፉ ዓይነ ስውራን በጣታቸው በሚያነቡት በብሬልም አለ። ቶማስ የሚባል ልጅ ቀለማትን በመቅመስ፣ በማሽተትና በመዳሰስ ይነግረናል። ለእሱ ቀይ እንደ ሐብሐብ ይጣፍጣል፤ ጉልበቱ ሲላጥ ደግሞ ያመዋል። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይሞክሩት። ከዚያ ቶማስ ያልጠቀሰውን ቀለም ጠይቂያቸው። የሚመልሱልሽን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ለትልቁ አንድ ልጨምር፤ አውስትራሊያዊው ሾን ታን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ስለ ስደት የሚተርክ መጽሐፍ። አንድም የሚነበብ ቃል የለውም። አባት ቤተሰቡን ትቶ ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። እዚያ ፊደሉም፣ እንስሳቱም፣ ምግቡም እንግዳ ነው። ፊደሉ የፈጠራ ስለሆነ እኛም ማንበብ አንችልም፤ ከሰውዬው ጋር እኩል እንደናገራለን። ሲለያዩ የሚያሳየው ክፍል ስለሚከብድ አብረሽው ተቀመጪ።

ላይብረሪ ካለ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። ጥቁሩን መጽሐፍ ካጣሽው የእኔን እልክልሻለሁ። ብቻ አድራሻሽ ያው እንደሆነ ጻፊልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ