ሕፃናት ይዘው በአየር ለሚጓዙ ወላጆች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥታ፣ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ በሌላ አገርም ረጅም ሰዓት ቆይታ ባሕር ማዶ ወዳለ ዘመድ ለምትሻገር እናት ስለ ልጆቿ የሚሰጣት ምክር እምብዛም ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ሲል የአየር ግፊቱ ስለሚለወጥ የሕፃኑን ጆሮ ያመዋል፤ ያን ጊዜ ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ሕመሙን ያቀልለታል። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ መያዝን የሚከለክለው ደንብ በብዙ አገሮች የሕፃን ወተትን ባይመለከትም፣ ለፈታሾቹ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ለስንቅ የምንቋጥረው ቆሎ ግን (አያቶች ቅር ቢላቸውም) ትንንሾቹን ሊያንቃቸው ስለሚችል ድፎ ዳቦ ይሻላል። ትኬት የሚቆርጡ ቢሮዎች ይህንኑ ለወላጆች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢያስረዱ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ