የንባብ ክበብ በ2017፦ መጨረሻውን ያልወደዱት አንባቢዎች

ዘንድሮ የንባብ ክበባችን ልጆች የመረጡት ገና ያልመጣ፣ ባይመጣም የሚሻል ዓለም የሚያሳዩ ልብወለዶችን ነው። አንዳንድ ወላጆች «ለልጅ ይሄ አይከብድም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አርብ አርብ ከክፍል በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጽሐፍ ማግኘቱ ራሱ ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛናቸው ጥቂት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ሽፋናቸው ወልቆ በፕላስተር ተጠገነ። የቀረው በስልክ ተነበበ።

የጀመርነው በጆርጅ ኦርዌል «1984» ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ገና ርዕሱን እንዳየ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በኛ ነው በነሱ?» ሰሌዳው ላይ አሰላነው። የፈረንጆቹ 1984 በኛ 1976 እና 1977 ላይ ያርፋል። ሰባ ሰባትን ከቤት ያልሰማ ልጅ የለም፤ የድርቁ ዓመት ነው። መስከረም ላይ ግን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በደማቅ ሰልፍ ተከብሯል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልትም የቆመው ያኔ ነው። ብዙዎቹ ልጆች በታክሲ በየቀኑ ያልፉታል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀረ። ልብወለዱ ውስጥ የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል። ወዲያው ደግሞ «ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለ ሕዝቡ ምስጋናውን በሰልፍ ገለጸ» ተብሎ ይነገራል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ግን ነገሩን ይዛ ቤቷ ገባች፤ አያቷን ጠየቀች። በሚቀጥለው አርብ የቀበሌ ሱቅ ሰልፉን፣ የስኳር ራሽኑን፣ ሰዓት እላፊውን ይዛልን መጣች። አያቷ ጆሮ ጠቢ ስለሚፈሩ የገዛ ልጆቻቸው ፊት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበርም ነገረችን። ልጅቷ ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። የጠየቀ ሰው አልነበረማ።

ከሁሉም ያንገበገባቸው የዋናው ባለታሪክ የዊንስተን ጎረቤት፣ የፓርሰንስ ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጁ ታሳስረዋለች። እሱ ደግሞ እስር ቤት ሆኖ በልጁ ይኮራል። «እንዲህ ያለ አባት የለም» ያሉ ነበሩ። «ፍርሃት ሲበዛ ይኖራል» ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ጥበቃው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ ቀጠለ።

መጨረሻውን አብዛኞቹ ጠሉት። ዊንስተን ተሸንፎ፣ ያሸነፈውን ወድዶ ሲቀር ማየት አልቻሉም። እኔም ለደራሲው ጥብቅና አልቆምኩም። የሚናደድ አንባቢ ሰውየውን ከልቡ ወዶታል ማለት ነው። ንዴቱን በማብራሪያ ማብረድ ነውር ይመስለኛል።

የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» ቶሎ አለቀ። ባለታሪኩ ልጅ ጆናስ በመጨረሻ ይሞታል ወይስ ይተርፋል የሚለው ግን ለሁለት ከፈላቸው። ደራሲዋ ተከታይ መጻሕፍት መጻፏን ሲሰሙ ጥቂቶች አናነብም አሉ። የራሳቸውን መጨረሻ ማጣት አልፈለጉም።

እንደ ሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» ግን የሠራብን የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ነው። እሳት አደጋ ሠራተኞች መጽሐፍ ያቃጥላሉ፤ ከከተማ የሸሹ ሰዎች ደግሞ መጻሕፍቱን በቃላቸው ይይዛሉ። እዚህ ጋ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ተነሳ። «ይሄ ምኑ ነው ልብወለድ? እኔ ዳዊት በቃሌ ደግሜ ነው ያደግኩት» አለ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ወንድሟ ሐፊዝ ነው፤ ቁርአንን ሙሉውን በቃሉ ይዞታል። ሁለቱ ሆነው የንባብ ክበቡን አስተማሩ። እኔም ተማርኩ።

እያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ በቃሉ እንዲይዝ የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» መረጡ። ነርስ መሆን የምትፈልግ አንዲት ልጅ ግን ከመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ መጽሐፍ ደም ስለማቆም የሚያስረዳውን ገጽ ይዛ መጣች። «መጽሐፍ ሁሉ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይሄ ነው» አለች። መሃል ላይ እየጠፋባት ተቸገረች። ዳዊት የደገመው ልጅ ገጹን በአጫጭር ሐረግ ከፋፈለላት፤ ወዝወዝ እያለች በዜማ እንድትለው አሳያት። ሰኔ ላይ በወላጆች ፊት አንድም ቃል ሳትስት ተወጣችው። እናቷ እንባቸውን እየጠረጉ ያጨበጭቡ ነበር።

ስለዚህ ይከብዳል ወይ ላሉኝ ወላጆች፦ አዎ፣ ይከብዳል። ግን ተስፋ ቆርጦ የወጣ ልጅ አላየሁም። ቤቱ ሄዶ የጠየቀ፣ ከጓደኛው የተከራከረ፣ አንድ ገጽ በቃሉ የያዘ ልጅ ነው ያየሁት።

ለሚቀጥለው ዓመት የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» መርጠዋል። በንጉሡ ዘመን ታትሞ የታገደው መጽሐፍ ነው፤ ገና ያልተወለደ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከርበት። በእጃችን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ካለ እስከ ጥቅምት ድረስ አውሱን። ስማችሁን ውስጡ ጻፉበት፤ በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን።